በመጫወቻ ጡብ የሚሠሩ ባለ ሞተር ተሽከርካሪዎች፦ የሞተር፣ የማርሽና የመቆጣጠሪያ ዳሰሳ

ከ2019 ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የዴንማርኩ ሌጎ ኩባንያ ከርቀት የሚነዱ ተሽከርካሪዎቹን በእጅ ከሚያዝ ሪሞት እያላቀቀ፣ በስልክና በታብሌት ላይ በሚጫን መተግበሪያ እንዲታዘዙ አድርጓል። ለውጡ በ1977 የተጀመረውና በ2027 ግማሽ ምዕተ ዓመት የሚሞላው ቴክኒክ የተባለው የምርት ዘርፍ ካሳለፋቸው ለውጦች ሁሉ አከራካሪው ሊባል የሚችል ነው፤ ከመጫወቻ ጡብ ባለ ሞተር መኪና የመሥራት ዝንባሌ ዛሬ የደረሰበትን ደረጃ ለመረዳትም ከእርሱ የተሻለ መነሻ አይገኝም።

ዝንባሌው በሁለት ዓይነት ሥራ ይገለጻል። አንደኛው ኩባንያው በሳጥን አሽጎ የሚሸጠውን ሞዴል መመሪያውን ተከትሎ መገጣጠም ሲሆን፣ እውነተኛው ፈተና ያለበት ሁለተኛው ደግሞ ሻንሲውን፣ ካምቢዮውንና የመሪውን አሠራር ሠሪው ራሱ አስቦ፣ ያለ ሙጫና ያለ ብሎን፣ ተመልሶ ሊፈታ በሚችል መልኩ ማዋቀር ነው። የሁለቱም መሠረት አንድ ነው፤ ጡቦቹ፣ ባለ ቀዳዳ ምሰሶዎቹና ዘንጎቹ ሁሉ 8 ሚሊ ሜትር በሆነ ወጥ ርቀት የተቀመሩ በመሆናቸው፣ የባለቤትነት መብቱ በ1958 የተመዘገበው ጡብ ዛሬ ከፋብሪካ ከወጣው ጋር ሳይቸገር ይገጥማል።

ስለ አመጣጡ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ኩባንያው በ1966 በ4.5 ቮልት የሚሄድ ባቡር አወጣ፤ በ1990 የቴክኒክ ሞተሮቹን ወደ 9 ቮልት አሸጋገረ፤ በ2002 ደግሞ በሬዲዮ ሞገድ የሚታዘዝ ፈጣን የእሽቅድምድም መኪና ለገበያ አቀረበ። የዚህ መኪና ሞተር ከመኪናው የበለጠ ዕድሜ አግኝቷል፤ ፍጥነት ፈላጊ ሠሪዎች ምርቱ ከቆመ ከብዙ ዓመታት በኋላም ያገለገለውን እያፈላለጉ ገዝተውታል። ለዝንባሌው ጽኑ መሠረት የጣለው ግን በ2007 ከአንድ ባለ ሞተር ቡልዶዘር ጋር የወጣው ፓወር ፈንክሽንስ የተባለው ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት በ6 ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሣጥን፣ በመጠንና በጉልበት የሚለያዩ ሞተሮች፣ እንዲሁም በታህተ ቀይ ጨረር፣ ማለትም ዓይን በማያየውና የቴሌቪዥን ሪሞት በሚጠቀምበት ብርሃን፣ ትእዛዝ የሚቀበል ዕቃ ለየብቻ የሚሸጡበት ነበር። የሽቦዎቹ መሰኪያ አንዱ በሌላው ላይ ስለሚደረደር ሁለትና ሦስት ሞተር ከአንድ መውጫ ኃይል መውሰድ ይችል ነበር። አንድ ተቀባይ ሁለት መውጫ ሲኖረው አራት የመገናኛ መስመሮችም ስለነበሩ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ስምንት እንቅስቃሴዎችን ለየብቻ ማዘዝ ይቻል ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የፍጥነትና የጉልበት ሒሳብ ነው። ፈረንሳዊው ፊሊፕ ኡርባን የኩባንያውን ሞተሮች አንድ በአንድ ለክቶ ለሠሪዎች ባቀረበው ንጽጽር መሠረት፣ ትልቁ የፓወር ፈንክሽንስ ሞተር በ9 ቮልት ያለ ሸክም በደቂቃ ወደ 220 ጊዜ፣ መካከለኛው ወደ 400 ጊዜ ይዞራል፤ የ2002ቱ የእሽቅድምድም ሞተር ግን ከ1000 ጊዜ በላይ ይዞራል። ባለ 8 ጥርስ ማርሽ ባለ 24 ጥርሱን ሲያዞር ፍጥነቱ ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ ዘንጉን የመጠምዘዝ ኃይሉ ደግሞ ሰበቃ የሚበላው ሲቀነስለት ወደ ሦስት እጥፍ ያድጋል። በወረቀት ላይ ይህ ቀላል ነው። በሥራ ላይ ግን ማርሹም ዘንጉም ፕላስቲክ ስለሆነና በመካከላቸው ኩሽኔታ ስለሌለ፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ ማርሽ የሞተሩን ጉልበት በሰበቃ ይቀንሳል፤ ጀማሪ ሠሪ ማርሽ በጨመረ ቁጥር መኪናው የሚበረታ ይመስለዋል፣ ልምድ ያለው ግን በተቻለ መጠን ጥቂት ማርሽ ይመርጣል።

ጉልበቱ ሲጨምር ደግሞ ሌላ ችግር ይከተላል። መስቀል ቅርጽ ያለው የፕላስቲክ ዘንግ በጭነት ይጠመዘዛል፣ ክሮቸራው ይሰበራል፣ በዲፈረንሻሉ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ማርሾች እየተንሸራተቱ ጥርሳቸውን ይጨርሳሉ። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ በዚህ ዝንባሌ ውስጥ ከታዩት ሐሳቦች ሁሉ እጅግ ብልህ የሆነው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ፍጥነቱን ቀንሶ ጉልበቱን የሚያበዛው ማርሽ ከሞተሩ አጠገብ መሆኑ ቀርቶ ጎማው ዘንድ ይቀመጣል። እንዲህ ሲሆን መካከለኛው ዘንግ በፍጥነት እየዞረ ጥቂት ጭነት ብቻ ይሸከማል፣ ከባዱ ኃይል የሚፈጠረውም ጎማው ላይ ሲደርስ ነው። በ2011 ከመርሴዲስ ቤንዝ ኡኒሞግ ሞዴል ጋር የመጣው የጎማ መያዣ ዘንጉን ከጎማው መሐል ከፍ አድርጎ የሚያስቀምጥ ነበር፤ በዚህም የመኪናው ሆድ ከመሬት ይርቃል፣ የማርሹ ቅነሳም ወደ ጎማው ይቀርባል። በ2019 የተጨመረው መያዣ ደግሞ አንዱን ማርሽ ሌሎች በዙሪያው እየዞሩ የሚያጅቡበትን የፕላኔት ማርሽ በጎማው ውስጥ ሸሸገ። ቋጥኝ እየወጡ የሚወዳደሩ ሠሪዎች ከዚያ በኋላ ክሮቸራ የሚሰብሩበት ጊዜ በግልጽ ቀንሷል። ይህን ሁሉ የማርሽና የዘንግ ዕውቀት በሥርዓት ለሚማር ሰው፣ ፖላንዳዊው ፓቬው ክምዬች በ2012 ያሳተመው የቴክኒክ ሠሪዎች መመሪያ አሁንም የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው።

ወደ መቆጣጠሪያው ስንመለስ፣ አሮጌው ሥርዓት ድክመት እንደነበረው መታወቅ አለበት። ታህተ ቀይ ጨረር በፀሐይ ብርሃን ስለሚዋጥ መኪናውን ደጅ አውጥቶ መንዳት አስቸጋሪ ነበር። በ2012 ለመሪ ተብሎ የተሠራው ሞተር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሰባት ሰባት ደረጃ መዞር ቢችልም፣ አብሮት በሳጥኑ ውስጥ የሚመጣው ሪሞት ከሙሉ ግራ ወደ ሙሉ ቀኝ ከመዝለል በቀር ሌላ ማዘዝ አይችልም ነበር። በ2019 ኮንትሮል ፕላስ በሚል ስም የቀረበው አዲሱ ሥርዓት እነዚህን ጉድለቶች አስወግዷል። ግንኙነቱ በብሉቱዝ ስለሆነ ፀሐይ አያውከውም፣ ሞተሮቹ ምን ያህል እንደዞሩ የሚለካ መሣሪያ በውስጣቸው ስለያዙ መሪው ጣት በተንቀሳቀሰበት ልክ ይታጠፋል፣ መተግበሪያውም የመኪናውን መዘንበል ለነጂው ያሳያል። በዚያው ዓመት የወጣው ሊብሄር የተባለ ግዙፍ ኤክስካቫተር 4108 ክፍሎችና 7 ሞተሮች ያሉት ሲሆን፣ ባልዲው፣ ክንዱና ሰንሰለቱ በአንድ ጊዜ በተመጣጠነ ፍጥነት ሲንቀሳቀሱ የተመለከተ ሰው ወደ አሮጌው ሥርዓት ለመመለስ አይመኝም።

ሆኖም ተቃውሞው ከናፍቆት የመነጨ አይደለም፣ መሠረቱም ጽኑ ነው። የመስታወት ገጽ ጣት የሚይዘው ነገር ስለሌለው ነጂው ዓይኑን ከመኪናው ላይ አንሥቶ ወደ ስልኩ ለማየት ይገደዳል፤ ቋጥኝ ጫፍ ላይ ላለ መኪና ይህ መውደቅ ማለት ነው። ከዚህ የከበደው ጉዳይ የዕድሜ ጉዳይ ነው። መተግበሪያ የሚኖረው የስልኩ ሥርዓተ ክወና እስከደገፈውና ባለቤቱ እስካደሰው ድረስ ብቻ ነው፤ ከስድሳ ዓመት በፊት የተሠራ ጡብ ዛሬ የሚገጥምበት ምርት፣ ሞተሩ ግን ከስልክ ዕድሜ ጋር የታሰረ እንዲሆን መደረጉ የኩባንያውን ትልቁን በጎነት ይጻረራል። ማይንድስቶርምስ የተባለው የሮቦት ምርት ከ1998 ጀምሮ ቆይቶ በ2022 መጨረሻ ሲቆም ስጋቱ ማጋነን እንዳልነበር ታይቷል። ከዚህ ሌላ አዲሶቹ መሰኪያዎች እንደ ቀድሞው አንዱ በሌላው ላይ አይደረደሩም፣ ሞተሮቹ የሚሰኩበት የቴክኒክ ማዕከልም አራት መውጫ ብቻ ስላለው፣ አምስተኛ ሞተር የፈለገ ሠሪ ሁለተኛ ማዕከል ለመግዛት ይገደዳል። ለባቡር ተብሎ የተሠራ ባለ ቁልፍ ሪሞት ቢኖርም የቴክኒክ መኪኖች ሳጥን ውስጥ አልገባም፤ ይህን ያህል ትንሽ ዕቃ ያን ያህል ቅሬታ ሊያስቀር ይችል ነበር።

ክፍተቱን የሞሉት ሌሎች ናቸው። የሃንጋሪ መሐንዲሶች በ2014 ከብዙ ሰዎች በተሰበሰበ መዋጮ ኤስብሪክ የተባለ ትንሽ የብሉቱዝ መቀበያ ሠርተው አሮጌዎቹን ሞተሮች ከጨረር ወደ ሬዲዮ አሻገሯቸው። ቀጥሎ የመጣው የስሎቬንያው ቡዊዝ ባትሪውንና መቀበያውን በአንድ ጡብ አዋሕዶ ለሞተሮቹ ከተለመደው የላቀ ቮልት ሰጣቸው፤ የ2002ቱ የእሽቅድምድም ሞተር ሲታፈን የሚፈልገውን ብዙ ከረንት የፓወር ፈንክሽንስ ሣጥን ራሱን ለመጠበቅ ሲል ያቋርጥ ስለነበር፣ ሞተሩ ሙሉ አቅሙን ያሳየው ከቡዊዝ ጋር ነው ሊባል ይችላል። ፓይብሪክስ የተባለው ምንጩ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሥራ ደግሞ የማዕከሉን ውስጣዊ ፕሮግራም በሌላ ተክቶ መኪናው በባቡሩ ሪሞት፣ ያለ ስልክ፣ እንዲነዳ አስችሏል። ከፋብሪካው ያልወጣን ማንኛውንም ክፍል የማይቀበሉ ንጹሕ ወዳድ ሠሪዎች እነዚህን አጥብቀው ይነቅፋሉ። ምሰሶ መቁረጥን መከልከላቸው ተገቢ ነው፤ ፈተናው ያለው በተሰጠው ክፍል መፍትሔ ማግኘቱ ላይ ነውና። ባትሪን በዚያው ሚዛን መመዘናቸው ግን አያሳምንም።

ባቡሮች የራሳቸው ዓለም አላቸው፤ በሐዲድ ላይ መሪ ስለሌለ ከዚህ ዳሰሳ ውጪ ቢቀሩ ጉዳት የለውም። ክሬኖችና ሎደሮችም ከመንዳት ይልቅ የማንሳት ጉዳይ ናቸው። በትልቅነት ደረጃ ግን ሳይጠቀስ የማይታለፍ አንድ ሥራ አለ፤ ኩባንያው ራሱ በ2018 በእውነተኛው ልክ የሠራው ቡጋቲ ሺሮን 2304 የፓወር ፈንክሽንስ ሞተሮችን አስተባብሮ 5.3 የፈረስ ጉልበት አመንጭቷል፣ ሰው ጭኖም በጀርመን የሙከራ መንገድ ላይ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል። ሠሪ በማእድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሚጠቀምበት ሞተር በጋራ ይህን ያህል መሸከሙ የማርሹን ሒሳብ ከማንኛውም መጽሐፍ በተሻለ ያስረዳል።

በመጨረሻ የፍርድ ቤቶች ጉዳይ አለ። የጡቡ የባለቤትነት መብት ዘመኑ ካበቃ በኋላ ሌጎ ቅርጹን በንግድ ምልክትነት ለማስጠበቅ ሞክሮ፣ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2005፣ የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤትም በ2010፣ ተግባርን ለመፈጸም የግድ የሆነ ቅርጽ በንግድ ምልክት ሊታጠር አይችልም በሚል አልተቀበሉትም። ካዳና ሞልድ ኪንግ የተባሉት የቻይና አምራቾች በዚህ በተከፈተ በር ገብተው የራሳቸውን ከርቀት የሚነዱ መኪኖች ያመርታሉ፤ ከብዙዎቹ ሳጥኖች ውስጥም ሠሪዎች ከዴንማርኩ ኩባንያ ሲጠይቁት የኖሩት ባለ ቁልፍ፣ በሬዲዮ የሚሠራ ሪሞት ይገኛል። ዛሬ ብዙ ሠሪ ሞተሩንና ሪሞቱን ከእነርሱ ይገዛል፣ ሻንሲውን ግን በሌጎ ምሰሶ ይገጣጥማል፤ በሁለቱም በኩል ርቀቱ ያው 8 ሚሊ ሜትር ነውና ይገጥማል።