የተግባር ትምህርት ውሎ በመንዝ ጓሳ

ዕውቀት ወደ ሰው ልቦና የሚገባው በጆሮ ብቻ አይደለም፤ በዓይንና በእጅም ይገባል። በጆሮ የገባው ካልተደጋገመ ይረሳል፤ በእጅ የተሠራና በዓይን የታየ ነገር ግን በቀላሉ አይጠፋም። በልዩ ልዩ አገሮች ልጆች ከመማሪያ ክፍል ወጥተው፣ ለጥቂት ቀናት በአንድነት ሰፍረው፣ እየለኩና እየሞከሩ ሳይንስ እንዲማሩ የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው። በአገራችንም እንደ ባሕር ዳር ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች በሳይንስ ማእከሎቻቸው ተማሪዎችን እየተቀበሉ በተግባር ያስተምራሉ። ይሁን እንጂ ለእንዲህ ያለው ትምህርት ውድ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ለሚኖር ተማሪ አገሩ ራሱ ቤተ ሙከራ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምናየው በመንዝ ጓሳ የአንድ ቀን የተግባር ውሎ እንዴት እንደሚካሄድና ከእያንዳንዱ ሥራ ምን ትምህርት እንደሚገኝ ነው።

ጓሳ በመሐል ሜዳ ከተማ አቅራቢያ፣ ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ውርጫማ ደጋ ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ስሙ ቤት ከሚከደንበትና ገመድ ከሚገመድበት የጓሳ ሣር ጋር አንድ ነው። ጅብራ የሚበቅለው፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩት በዚሁ ሥፍራ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ የሚጀመረው በማለዳ፣ ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይረግፍ ነው። ተማሪዎቹ ድስት ጥደው ውሃ ያፈላሉ፤ ውሃው ሲንተከተክም ሙቀቱን በቴርሞሜትር ይለካሉ። ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚፈላ ከመጽሐፍ ስለ ተማሩ ያንኑ ቊጥር ይጠብቃሉ። መሣሪያው ግን 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ማገዶ ቢጨመርም ከዚያ አያልፍም። በዚህ ጊዜ አንዳንዱ ተማሪ መሣሪያው ተበላሽቷል ይላል፤ ሌላው ደግሞ ያየውን ትቶ ከመጽሐፉ ያነበበውን 100 ይጽፋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። መጽሐፉ የሚናገረው በባሕር ወለል ላይ ስላለ ውሃ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቊጥር በላያችን የሚቀረው አየር እያነሰ፣ ግፊቱም እየቀነሰ ይሄዳል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ውሃው በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። በደጋ አገር ባቄላና ሽንብራ ለመብሰል ረጅም ጊዜ የሚፈጅባቸው ስለዚህ ነው። እናቶቻችን ጥራጥሬውን አስቀድመው መዘፍዘፋቸውና ድስቱን ጥብቅ አድርገው መክደናቸው ጊዜንም ማገዶንም የሚያድን ብልኀት ነው። ማገዶው ኩበት በሆነበት አገር ደግሞ ከማገዶ የተረፈው ኩበት ለእርሻው ማዳበሪያ ይሆናል።

ይህንኑ የአየር ግፊት በሌላ መንገድ መመርመር ይቻላል። አንድ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ በጓሳ አናት ላይ ክዳኑን አጥብቆ ዘግቶ፣ ወደ መርሐ ቤቴ፣ ወደ ጀማ ወንዝ ሸለቆ ይዞ መውረድ ነው። ጠርሙሱ ማንም ሳይነካው ተጨማድዶ ይገኛል። የጨመደደው ከውጭ የከበደው የቆላው አየር ነው።

ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ሁለተኛው ሥራ ይቀጥላል። አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ በደልዳላ መሬት ላይ ይተከልና የጥላው ጫፍ ያረፈበት ቦታ በጠጠር ምልክት ይደረግበታል። ከዘንጉ ሥር እስከ ጠጠሩ ባለው ርቀት ልክ በገመድ ክብ ይሠራል። ጥላው እስከ ቀትር እያጠረ ሄዶ፣ ከቀትር በኋላ እንደገና ይረዝማል፤ ክቡን በነካ ጊዜ ሁለተኛ ጠጠር ይቀመጣል። ከዘንጉ ሥር ተነሥቶ በሁለቱ ጠጠሮች አጋማሽ የሚያልፈው መሥመር ሰሜንንና ደቡብን ያመለክታል። ይህ ሥራ በታኅሣሥ ሲሠራ የቀትሩ ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ በሰኔ ሲሠራ ግን ወደ ደቡብ ይዞራል። ምክንያቱም መንዝ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናቱ ላይ ታልፋለች። የቀትር ጥላ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ነው ብሎ የጻፈ ሰው ስለ አገሩ ጽፎ ይሆናል እንጂ ስለ መንዝ አልጻፈም።

ከምሳ በኋላ ተማሪዎቹ በገመድ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ይሠራሉ። ገመዱን በጥብቁ ሥፍራ ሣር ላይ፣ ቀጥሎም ከወሰኑ ውጭ ባለው የግጦሽ መሬት ላይ እየዘረጉ በውስጡ ያለውን የዕፅዋት ዓይነት ይቈጥራሉ፤ የሣሩንም ቁመት ይለካሉ። የሚያገኙት ልዩነት ስለ ሕዝቡ ታሪክ ይናገራል። የመንዝ ሕዝብ ጓሳን ከብዙ ትውልድ ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዐት ሲጠብቀው ኖሯል። በሥርዐቱ መሠረት ሣሩ ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፤ ሲደርስና ችግር ሲጠና ብቻ ይከፈታል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ከወጣ በኋላ ቄሮ ፈረሰ፤ ሥፍራውም ያለ ጠባቂ በመቅረቱ ተጎዳ። ከዚያ በኋላ ነዋሪዎቹ ተመካክረው የኅብረተሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርገው እንደገና መጠበቅ ጀመሩ። ገመዱ ውስጥ የተቈጠረው ሣር የዚህ ድካም ፍሬ ነው።

የመጨረሻው ሥራ ዝም ብሎ ማየት ነው፤ ይህም ከሁሉ ይከብዳል። ተማሪዎቹ በጉብታ ላይ ተቀምጠው፣ ሳይጮሁና ሳይጠጉ፣ ጭላዳዎች ሲግጡ ቀይ ቀበሮም ዐይጥ ሲያድን ይመለከታሉ። ያዩትንም ከሰዓቱ ጋር ይመዘግባሉ። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ታላቅ ፍሬ አፍርቷል። በጓሳ የተካሄደና በ2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀይ ቀበሮ ከጭላዳዎች ርቆ ሲያድን ከ100 ሙከራ 25 ያህሉ ብቻ ሲሳካለት፣ በጭላዳዎች መካከል ሆኖ ሲያድን ግን 67 ያህሉ ይሳካለታል። ይህ የታወቀው በመመልከትና በመቊጠር ነው። በመላው ኢትዮጵያ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ስለሆኑና የውሻ በሽታ ከውሾች ስለሚተላለፍባቸው፣ ወደ ጓሳ የሚሄድ ተማሪ ውሻ አስከትሎ መሄድ የለበትም።

ማታ እያንዳንዱ ተማሪ የውሎውን ዘገባ ይጽፋል። እዚህ ላይ የሳይንስ ትምህርትና የድርሰት ትምህርት ይገናኛሉ። «ቀበሮው በጭላዳዎቹ መካከል ሲያልፍ ጭላዳዎቹ አልሸሹም» የሚለው በዓይን የታየ ነገር ነው። «ጭላዳዎቹ ቀበሮውን ይወዱታል» የሚለው ግን ያልተረጋገጠ ግምት ነው። ጥሩ ዘጋቢ ሁለቱን አይቀላቅልም፤ ግምቱንም ሲጽፍ «ይመስላል» ወይም «ሳይሆን አይቀርም» በማለት ይለየዋል። በቴርሞሜትሩ ላይ 90 አይቶ 100 የጻፈው ተማሪ የሳተው ከዚህ ላይ ነው፤ ከራሱ ዓይን ይልቅ ስለ ሌላ ቦታ የተጻፈውን አመነ። 90 ብሎ ጽፎ «ለምን?» ብሎ የጠየቀው ግን የሳይንስን በር አንኳኳ።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልሱ።
1. ውሃ በጓሳ ከ100 ዲግሪ በታች የሚፈላው ለምንድን ነው?
2. በጓሳ የተዘጋው ጠርሙስ በጀማ ሸለቆ የሚጨማደደው ለምንድን ነው?
3. የቄሮ ሥርዐት መፍረስ ምን አስከተለ?

ለ. የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ የተሰጣቸውን ፍች ጽፋችሁ፣ በየቃሉ አንድ ዓረፍተ ነገር መሥርቱ።
ውርጭ፣ መዘፍዘፍ፣ ደልዳላ፣ ጥብቅ፣ ግምት

ሐ. በመንደራችሁ አንድ ነገር ለአንድ ሰዓት ያህል ተመልክታችሁ፣ ሁለት አንቀጽ ያለው ዘገባ ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ያያችሁትን ብቻ፣ በሁለተኛው ግምታችሁን አስፍሩ።