የቤት ውስጥ ዕቃዎች በኪነ ጥበብ ሥራዎች፦ ጀሪካን ምን ይነግረናል?

በሥዕልና በፎቶግራፍ የሚቀርቡ የቤት ውስጥ ዕቃዎች ከውበታቸው ባሻገር ማኅበራዊ ትርጉም አላቸው። ትርጉሙ የሚገለጠውም ዕቃውን ማን እንደሚሸከመውና ምን ያህል ጊዜና ድካም እንደሚጠይቅ ስንመረምር ነው።

የፎቶግራፍ ባለሙያዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2018 በዋተርኤይድ ጥያቄ በአፋር ክልል፣ ዳሎል ያነሷቸው 12 ፎቶግራፎች ለዚህ ማሳያ ናቸው። በደረቁ የጨው ምድር ላይ ሴቶች ከውሃ መያዣ ዕቃዎች ጋር ይታያሉ። መልእክቱም ውሃ የመቅዳት ሸክም በሴቶች ላይ እንደሚወድቅና የልጃገረዶችን የትምህርት ጊዜ እንደሚሻማ ያመለክታል።

ጉዳዩ ከመኖሪያ አካባቢያችን የራቀ አይደለም። በየካ ክፍለ ከተማ ውሃ በፈረቃ በሚዳረስባቸው መንደሮች ጀሪካን ከቤት የማይጠፋ ዕቃ ነው። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች የሚያስሩበት ገመድም እንዲሁ ከምድጃው ጀርባ ያለውን ድካም ይናገራል።

በመሆኑም የኪነ ጥበብ ሥራ ሲመለከቱ እነዚህን ጥያቄዎች ያንሡ፦
• ዕቃው ለምን አገልግሎት ይውላል?
• ማን ይሸከመዋል?
• ባዶ ሲሆን የማን ቀን ይባክናል?

የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ተራ የመሰለው ዕቃ የማንን ችግር እንደሚናገር ያሳያል።