ቶርክ ሬንች ልትገዙ ነው? መጀመሪያ የዳዶውን ቁጥር እወቁ

ዛሬ ዋጋውን እስከ ማታ እናቆየውና ስለ አንድ የጋራዥ ዕቃ እናውራ። የራሳችሁ መኪና ያላችሁ ዩኒየኖችና ላኪዎች በተለይ አንብቡት። በኪራይ የምትጭኑም ብትሆኑ ጭነቱ የናንተው ነው።

ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር በ60 ኪሎ ጆንያ 320 ጆንያ ቡና ይይዛል፤ 192 ኩንታል ማለት ነው። ባለ ተሳቢ መኪና ሁለቱን ይዞ ወደ ጅቡቲ ሲወርድ 384 ኩንታል ይሆናል። የኋላ ጥንድ ጎማ ላልቶ አፋር ላይ ቢቆም፣ ቡናው ባይነካ እንኳ መርከቡ አይጠብቅም። የኮንትራቱ የመጫኛ ቀን አለፈ ማለት ነው። በዚያ መሃል የዓለም ዋጋ ወርዶ ከሆነ ደግሞ ገዢው ቅናሽ ለመጠየቅ ሰበብ አገኘ።

እኛ ጋ ጎማ እንዴት እንደሚጠብቅ ታውቃላችሁ። ረዳቱ መፍቻው ላይ ቱቦ ይሰካና ይቆምበታል፤ ካልረካም ይዘልበታል። እስቲ እናስላው። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ ሲቆም ዳዶው ላይ የሚያርፈው 735 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። የብዙ አይሱዙ ኤን ፒ አር ሞዴሎች መመሪያ ግን 440 አካባቢ ነው የሚለው። ገና ሳይዘል ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው! በአየር የሚሠራው የጎሚስታ መፍቻም ያው ነው፤ መጥበቁን እንጂ ምን ያህል እንደጠበቀ አይነግራችሁም።

«ከላላ ይሻላል» የሚል አይጠፋም። አይሻልም። ብሎን ሲጠብቅ እንደ ስፕሪንግ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ቸርኬውን አጣብቆ የሚይዘውም በዚህ ነው። ከልክ በላይ ሲለጠጥ ተመልሶ አይሰበሰብም። ያን ቀን ደህና ይመስላል፣ ሌላ ቀን ጭነት ላይ ይበጠሳል። አንዱ ሲበጠስ ሸክሙ ለቀሩት ይተርፋል።

አሁን ወደ ግዢው። ሻጩ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ብራንድና ዋጋ ነው። እናንተ ግን የመኪናችሁን መመሪያ ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። ዕቃው የታመነ የሚሆነው ከከፍተኛ ልኩ 20 በመቶ ጀምሮ ወደ ላይ ነው፤ ቁጥራችሁ መሃል አካባቢ ቢውል ይመረጣል። ከ200 እስከ 1000 ኒውተን ሜትር የሚለካው ለአይሱዙም ለከባድ መኪናም ይሆናል። ርዝመቱ ከሜትር ያልፋል፤ አጭርና ቀላል ሆኖ «1000 ይለካል» ካሏችሁ ተጠራጠሩ። በነገራችን ላይ የብስክሌት ቶርክ ሬንችም ስሙ አንድ ነው። የእሽቅድምድም ብስክሌት መሪ 5 ኒውተን ሜትር ገደማ ስለሚበቃው መሣሪያው ከ20 ምናምን አያልፍም። ስሙን ብቻ ነግራችሁ ሰው ወደ ሱቅ አትላኩ።

መለኪያውንም እዩ። አሜሪካ የታተመው የኤን ፒ አር መመሪያ 325 የሚለው በፓውንድ ጫማ ነው። ያንን 325 በኒውተን ሜትር የሞላ ሰው ሩብ ያህሉን አጎደለ ማለት ነው።

ብዙ ሰው የማይጠይቀው አንድ ነገር አለ። በአንዳንድ የጃፓን መኪኖች የግራ ጎማ ዳዶ የሚጠብቀው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው፤ ብሎኑ ላይ «ኤል» የሚል ፊደል ታገኛላችሁ። «ቀጭ» የሚለው ዓይነት ቶርክ ሬንች ደግሞ አብዛኛው በቀኝ ብቻ ነው የሚለካው። ሳታዩ ከገዛችሁ የመኪናው ግማሽ ጎን ያለ ልክ ቀረ። በሁለቱም አቅጣጫ የሚለካ መሆኑን ሱቁ ውስጥ አረጋግጡ።

ዲጂታል ወይስ «ቀጭ» የሚለው? እኔ ለግቢ ሥራ «ቀጭ» የሚለውን እመርጣለሁ። ባትሪ አይፈልግም፣ አቧራም ይችላል። የአይኤስኦ 6789 ደረጃን የሚያሟላ ከሆነ በዚህ መጠን ስህተቱ ከ4 በመቶ አያልፍም። የምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው ተከታታይ ቁጥር ዕቃው ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ወረቀቱ ወረቀት ብቻ ነው። የመጋዘን ሚዛናችሁን እንደምታስፈትሹት ሁሉ ይሄም በዓመት ወይም ከ5000 ጊዜ ሥራ በኋላ ልኩ መፈተሽ አለበት።

ለየመኪናው አንድ አንድ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ለግቢው አንድ ይበቃል፤ ግን አንድ ሰው ፈርሞ ይያዘው። ዳዶ አይፈታበትም፣ ቱቦ አይሰካበትም፣ ሥራው ሲያልቅ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ይመለሳል። ሾፌሩ ነፃ ነው ብሎ መፍቻ ካደረገው በወሩ ተራ ብረት ነው የሚሆነው።

ጎማ የተፈታ መኪና ደግሞ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ እንደገና መለካት አለበት፤ ቸርኬው ላይ ያለ ቀለምና ዝገት ሲረግጥ ዳዶው ይላላልና። ከአዲስ አበባ ለተነሣ ሞጆ ወይም አዳማ ማለት ነው። ስለዚህ ጎማ ተፈትቶ በታሰረበት ቀን ጭኖ ለሚወጣ መኪና የግቢውን ቶርክ ሬንች አስይዛችሁ ላኩት፤ በመልሱ ይመጣል። ጥንድ ጎማ ከሆነ በአይሱዙ የውስጡም ዳዶ አለ። የውጪው ላልቶ የውስጡ መጀመሪያ በልኩ ይጠብቃል፣ ከዚያ የውጪው። የውጪውን ብቻ የነካ ሰው ሥራውን ጨረስኩ ቢላችሁ አትፈርሙለት።

የዛሬው የቡናና የሰሊጥ ዋጋ ማታ እንደተለመደው ይለጠፋል።