ብርሃን በታኅሣሥ፦ የገና ጾም፣ ሌሊትና ጧፍ ምን ይላሉ?

ታኅሣሥ በገባ ቁጥር በእስራኤል የሚያድጉ ልጆቻችን ሦስት ዓይነት መብራት ያያሉ። አንደኛው በየቤቱና በየትምህርት ቤቱ የሚበራው የሐኑካ መብራት ነው። ሁለተኛው በናዝሬትና በሐይፋ አደባባይ፣ እንዲሁም በቴሌቪዥን የሚታየው ያጌጠ ዛፍ ነው። ሦስተኛውን የሚያዩት ዘመድ ከኢትዮጵያ በሚልከው ምስል ነው፤ ነጭ የለበሰ ሕዝብ በሌሊት ቀጫጭን ጧፍ ይዞ ቆሞ ይታያል። ልጆቹም «ይህ የኢትዮጵያ ሐኑካ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ።

ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ «አይደለም፣ የክርስቲያኖች ነው» ብሎ ያልፋል። መልሱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን አይበቃም። ከመካከላችን አያቱ ወይም አክስቱ ክርስቲያን የሆኑበት ቤተሰብ አለ፤ በጎንደርና በአዲስ አበባ የቀረ ዘመድ ያለውም ብዙ ነው። ልጅ የዘመዱን እምነት በትክክል ካላወቀ ወይ ይንቀዋል፣ ወይ ከራሱ ጋር ያደባልቀዋል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የገናን ብርሃን ባለቤቶቹ እንደሚያስተምሩት አድርገን እንገልጻለን፤ እኛ ቤተ እስራኤል ከዚህ የምንጋራውንና የማንጋራውንም በየቦታው እናመለክታለን።

አስቀድሞ አንድ የተለመደ አስተሳሰብ መታረም አለበት። በሰሜን አውሮፓ አገሮች የገና መብራት ከወቅቱ ረጅም ጨለማ ጋር ተያይዞ ይተረካል። ይህ ለእነርሱ ይሆናል፤ ለኢትዮጵያ ግን አይሆንም። ጎንደር ላይ በዓመቱ አጭር በሆነው ቀን እንኳ ፀሐይ ከ11 ሰዓት በላይ ታበራለች፤ በኢየሩሳሌም ያው ቀን 10 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ታኅሣሥ ዝናቡ ከቆመ ሰንብቶ ሰማዩ የሚጠራበት፣ ጤፍ ታጭዶ የሚከመርበት፣ አውድማ ተለቅልቆ ውቂያ የሚጀመርበት ወር ነው። ሌሊቱ ውርጭ ቢሆንም ቀኑ ብሩህ ነው። ገበሬው ጨለማ የሚለው ሐምሌና ነሐሴን ነው። እንግዲህ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከዓመቱ ብሩህ ከሆኑት ወራት በአንዱ ላይ ቆማ ስለ ጨለማ የምትሰብክ ከሆነ፣ ጨለማ የምትለው የሰማዩን እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ይህ ስብከት የሚጀምረው በበዓሉ ሌሊት ሳይሆን ከበዓሉ በፊት ነው። ጾመ ነቢያት፣ ሕዝቡ የገና ጾም የሚለው፣ ኅዳር 15 ቀን ይገባል። ስያሜው ነቢያት የመሲሕን መምጣት እየናፈቁ ጾሙ፣ ጸለዩ ከሚለው ትምህርት የመጣ ነው። በጾሙ መጨረሻ ሦስት ሰንበታት (እሑዶች ማለታችን ነው) የየራሳቸው ስም አላቸው። ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 ባለው ጊዜ የሚውለው እሑድ «ስብከት»፣ ከ14 እስከ 20 የሚውለው «ብርሃን»፣ ከ21 እስከ 27 የሚውለው ደግሞ «ኖላዊ» ማለትም እረኛ ይባላል። ቅደም ተከተሉ ትርጉም አለው። በመጀመሪያ ነቢያት ተናገሩ፤ ቀጥሎ የተናገሩት ብርሃን ታሰበ፤ በመጨረሻም ብርሃኑ መንጋውን የሚመራ እረኛ ሆኖ ይጠበቃል።

በመካከለኛው እሑድ ላይ ትንሽ እንቆይ። በዚያ ቀን የሚነበበው የዮሐንስ ወንጌል መጀመሪያ ነው። በዚያ ልደቱ በቤተ ልሔም ግርግም አይተረክም፤ የሚነገረው በመጀመሪያ ስለነበረው ቃል፣ በቃሉ ስለነበረው ሕይወትና ለሰው ስለሆነው ብርሃን፣ ጨለማም ሊያሸንፈው ስላለመቻሉ ነው። የክርስቲያኖች መምህራን ይህን ሲያብራሩ ብርሃኑ በልደቱ ቀን የተጀመረ አይደለም፣ ቀድሞ የነበረው ለሰው ዓይን ተገለጠ እንጂ ይላሉ። የጨለማው ትርጉም ደግሞ አለማወቅ፣ ኃጢአትና ሞት ነው። ጨለማ ራሱን የቻለ አምላክ ወይም ከብርሃን ጋር የሚመጣጠን ኃይል አይደለም፤ ብርሃን ያልደረሰበት ቦታ ነው። ይህን ነጥብ ማስተዋል ይገባል፤ ብዙ ሰው ሁለት እኩል ኃይሎች የሚታገሉ አድርጎ ይተርከዋልና።

ከወንጌሉ በፊት በግእዝ የሚዜመው ምስባክ ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰደ ነው። በግእዙ ቁጥር መዝሙር 42፣ በዕብራይስጡ ቁጥር መዝሙር 43 ነው፤ ተመራማሪዎች ይህን የአንድ ቁጥር ልዩነት ካልያዙ ጥቅሱን አያገኙትም። መዝሙረኛው እግዚአብሔር ብርሃኑንና እውነቱን እንዲልክለት፣ እነርሱም ወደ ቅዱሱ ተራራ እንዲመሩት ይለምናል። ይህ ዳዊት የእኛም ቄሶች ዳዊት ነው፤ በዚያው በግእዝ ደግመውታል። ለእኛ ቅዱሱ ተራራ ኢየሩሳሌም ነበረ፤ ብርሃኑም መንገዱን የሚያሳየን ነበረ። በፈረንሳይ አገር በ11ኛው መቶ ዓመት የኖረው ታላቁ ተርጓሚ ራሺ ደግሞ በዚህ ቦታ ላይ ብርሃኑ ንጉሡ መሲሕ ነው፣ እውነቱም ነቢዩ ኤልያስ ነው ብሏል። እንግዲህ በአንድ ጥቅስ ላይ አይሁዳዊውም ክርስቲያኑም መሲሕን ይሰማሉ። አንዱ መጥቷል ይላል፣ ሌላው ይመጣል ይላል። ልዩነቱ ይህን ያህል ቅርብ፣ ይህን ያህልም ሩቅ ነው።

ይህ ትምህርት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ብቻ እንዳልቀረ አንድ ምሳሌ እንስጥ። ሁላችንም በደብዳቤ ላይ ቀን ስንጽፍ «ዓ.ም.» እንላለን፤ ይኸውም ዓመተ ምሕረት ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት ያለው 5,500 ዓመት ዓመተ ፍዳ ይባላል፣ ሰው በጨለማ ሆኖ ተስፋ የጠበቀበት ዘመን ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ዓመተ ምሕረት ተባለ። አያቶቻችን አብርሃምንና ሙሴን በዓመተ ፍዳ ውስጥ የሚያስቀምጥ አቆጣጠር ለምን በወረቀታቸው ላይ ጻፉ ብሎ መከራከር አያስፈልግም፤ ቀበሌውም ፍርድ ቤቱም ገበያውም የሚሠራው በዚሁ ነበር። ቃሉ ከየት እንደመጣ ማወቁ ግን መልካም ነው።

በዓሉ ታኅሣሥ 29 ይውላል። በዘመነ ዮሐንስ፣ ማለትም ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት፣ ታኅሣሥ 28 ይሆናል። ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው፦ ከጽንሰቱ መታሰቢያ ከመጋቢት 29 እስከ ልደቱ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይቆጠራል፤ ጳጉሜን አንድ ቀን ስትጨምር በዓሉ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይመለሳል። ለምሳሌ በ2016 ዓ.ም. ገና የተከበረው ታኅሣሥ 28 ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ሁለቱም ጃንዋሪ 7 ላይ ይወድቃሉ። የ19ኛውን መቶ ዓመት የሚሲዮናውያን ጽሑፍ የሚያነቡ ግን ያን ጊዜ ቀኑ ጃንዋሪ 6 እንደነበረ ልብ ይበሉ። ሽማግሌዎቻችን የልጅ ልደት «ከገና በፊት»፣ «በገና ሳምንት» እያሉ ሲነግሩን ይህ ሒሳብ ያስፈልገናል።

በዋዜማው ሕዝቡ ነጭ ለብሶ በሌሊት ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ካህናቱና ደብተራዎቹ በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ ማሕሌቱን ይቆማሉ፤ ቅዳሴው የሚጀመረው በመንፈቀ ሌሊት ነው። ይህ ሆን ተብሎ ነው፤ የሉቃስ ወንጌል እንደሚተርከው ብርሃን በእረኞቹ ዙሪያ የበራው መንጋቸውን በሌሊት ሲጠብቁ ነበርና። በእጅ የሚያዘው ጧፍ ከጥጥ ፈትል ተገምዶ በንብ ሰም የተነከረ ነው፤ ምእመናን ከዕጣን ጋር መባ አድርገው ያመጡታል። ጧፍ እየቀለጠ ያበራል፤ ካህናቱም ይህን ራሱን ለሌላው የሚሰጥ ሰው ምሳሌ ያደርጉታል። አንዱ ከሌላው ሲለኩስ የመጀመሪያው አይጎድልበትም። በኤሌክትሪክ ዘመንም ጧፉ ያልቀረው ለዚህ ይመስለናል፤ አምፖል ከጎረቤት አይለኮስም።

በላሊበላ በበዓሉ ቀን በቤተ ማርያም ካህናቱ ሁለት ቦታ ይከፈላሉ። አንዱ ወገን ከዓለቱ ጫፍ ላይ፣ ሌላው ከታች ከግቢው ቆሞ «ቤዛ ኵሉ» የሚባለውን ዝማሬ ይቀባበላሉ፤ የላይኞቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ያው ቀን የንጉሥ ላሊበላ ልደትም ስለሆነ የሚመጣው ሕዝብ ብዙ ነው። በየመንደሩ ደግሞ ጎረምሳው ሩሩን በገና ዱላ እየመታ ይጫወታል፤ እረኞቹ የምሥራቹን ሲሰሙ በበትራቸው ተጫወቱ ይባላል። በዚያ ቀን ጌታም ሎሌም እኩል ናቸው፤ የተመታ ጌታ መቆጣት አይገባውም።

ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛም በስሙ ብርሃንን የያዘ በዓል አለን። በቤተ እስራኤል ዘንድ የሰባተኛው ወር መባቻ፣ እዚህ አገር ሮሽ ሃሻና የሚባለው፣ «ብርሃን ሠረቀ» ይባላል፤ ብርሃን ወጣ ማለት ነው። (በንጉሡ ሠ ካልተጻፈ በግእዝ ሌብነት ይሆናል፤ የሚጽፉ ወጣቶች ይጠንቀቁ።) ሐኑካን ግን አባቶቻችን በኢትዮጵያ አያከብሩትም ነበር፤ በኦሪት የተጻፈ በዓል አይደለምና። ከተመለስን በኋላ የተቀበልነው ነው። ስለዚህ ገናም ከሐኑካ አልመጣም፣ በኢትዮጵያ ያልነበረ ሐኑካም ከገና ጋር ሊምታታ አይችልም።

ከዚህም የሚበልጥ ልዩነት አለ። በአባቶቻችን ቤት ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱ ይጠፋ ነበር። የሰንበት ሌሊት ያለ መብራት ያልፋል፣ ምግቡም ቀዝቅዞ ይበላል። ያ ጨለማ የክፋት ምልክት አልነበረም፤ የትእዛዝና የዕረፍት ጨለማ ነበር። ዛሬ በእስራኤል የሰንበትን ሻማ የምታበራ ልጃችን አያቷ በጨለማ ሰንበትን ማክበሯ ሊያስገርማት ይችላል፤ ሁለቱም ግን ለአንድ ሰንበት የተደረጉ ናቸው። ጎረቤቶቻችን በበዓላቸው ሌሊት ጧፍ ሲያበሩ፣ እኛ በቅዱስ ሌሊታችን እሳት እናጠፋ ነበር።

ስለ ብርሃንና ጨለማ ሲነገር የማይዘለል አንድ ነገር ይቀራል። በዚያው በብርሃን እሑድ ምንባብ ውስጥ ብርሃኑን የገዛ ወገኖቹ እንዳልተቀበሉት የሚናገር ቦታ አለ። ጸሐፊው ራሱ አይሁዳዊ ሆኖ ስለ ወገኖቹ የጻፈው ነው። በገጠር ግን ይህን የሰማ ሰው ቀና ብሎ ወንዝ ማዶ ያለውን የእኛን መንደር ያይ ነበር። ርስት የተከለከሉ፣ በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ የሚኖሩ ሰዎች «ቡዳ» ተባሉ፤ በቀን ሰው፣ በሌሊት ጅብ ናቸው ተባለ። ጨለማ የሰው ልብ ሁኔታ መሆኑ ቀርቶ የጎረቤት ስም ሆነ። በዚህ ሰበብ የተደበደቡ፣ የተገደሉም አሉ። በአንጻሩ በዚያው አገር በበዓሉ ቀን ለቤተ እስራኤል ጎረቤቱ ያልታረደ በግ የሚሰጥ፣ በራሱ ቢላ አርዶ እንዲበላ የሚያደርግ ክርስቲያን አልጠፋም። እኛ የምናየው ትምህርቱ ራሱ ለቡዳ ወሬ መሠረት እንደማይሰጥ ነው፤ አለማወቅ ጨለማ ነው የሚል ትምህርት በአለማወቅ ሰው ለመክሰስ አይሆንም። ታሪካችንን ስንጽፍ ሁለቱንም ለይተን መጻፍ አለብን።

በዓሉን በቅርብ ለማጥናት የሚፈልግ ተመራማሪ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ጎዳና ያለው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያንና በቅዱስ መቃብሩ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ያለው ዴር ሡልጣን የኢትዮጵያ መነኮሳት መኖሪያ ናቸው። ጃንዋሪ 6 ማታ መነኮሳቱና ተሳላሚዎቹ ወደ ቤተ ልሔም ይወርዳሉ። በዚያች ከተማ ልደት ሦስት ጊዜ ይከበራል፦ ካቶሊኮች ዲሴምበር 25፣ ግሪኮች፣ ሶርያውያን፣ ግብጻውያንና ኢትዮጵያውያን ጃንዋሪ 7፣ አርመኖች ደግሞ ልደትንና ጥምቀትን እንደ ጥንቱ ሥርዓት ባንድ ቀን፣ ጃንዋሪ 19። የኢትዮጵያውያኑ ጧፍ ቀልጦ ሲያልቅ ለአርመኖቹ ገና ገና 12 ቀን ይቀረዋል።