የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ ለምን እንዲህ ያለ ቅርጽ ያዘ?

ሰው ቤት ሲሠራ ቅርጹን እንዲያው በዘፈቀደ አይመርጥም። ማንኛውም ቤት፣ ጎጆም ይሁን ባለ ሃያ ፎቅ፣ ሦስት ጥያቄዎችን መልሶ ነው የሚቆመው። ለምን ተሠራ? በምን ተሠራ? ማን ሠራው? እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ የተነሣ ሰው ሕንጻን እንደ መጽሐፍ ሊያነበው ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ በአዲስ አበባ የሚገኘውን የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት በእነዚህ ጥያቄዎች እንመለከተዋለን። ይህን ሕንጻ የመረጥንበት ምክንያት አለ። መሪዎች በተሰበሰቡ ቁጥር ሕንጻው በቴሌቪዥን ይታያል። ነገ ተመርቀን ክፍል ስንገባ ከልጆቹ አንዱ ተነሥቶ «መምህር፣ ያ ቤት ለምንድነው እንቁላል የመሰለው?» ቢለን «እንጃ» ብለን ልናልፈው አይገባም።

ከቅርባችን እንጀምር

ወደ አዲስ አበባ ከመሄዳችን በፊት የላስታን ቤት እንይ። አባቶቻችን የሠሩት ቤት ክብ ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣራው ሣር። በላሊበላ ከተማም ምድር ቤትና ፎቅ ያላቸው ክብ የድንጋይ ቤቶች አሁንም ይታያሉ። ለምን ክብ ሆኑ? መልሱን በገመድ ማግኘት ይቻላል። 40 ሜትር ርዝመት ያለው ገመድ እንውሰድ። በገመዱ ጎኑ 10 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ብንሠራ በውስጡ የሚገኘው ቦታ 100 ካሬ ሜትር ነው። በዚያው ገመድ ክብ ብንሠራ ግን በውስጡ 127 ካሬ ሜትር ያህል እናገኛለን። ገመዱ ያው ነው፤ ቦታው ግን ከሩብ በላይ ጨመረ። ድንጋይ ጠርቦ፣ ተሸክሞ፣ ደርድሮ ግድግዳ ለሚያቆም ገበሬ ይህ ቀላል ትርፍ አይደለም።

ታዲያ ዛሬ የሚሠራው አዲስ ቤት ለምን አራት ማዕዘን ሆነ? ምክንያቱ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ቀጥ ያለ ዕቃ ነው፤ በክብ ጣራ ላይ ልምታው ቢሉት እየተቆረጠ ግማሹ ይባክናል። ስለዚህ ጣራው ግድግዳውን አስገደደው ማለት ነው። ዕቃው ሲለወጥ ቅርጹም ይለወጣል። ይህችን ነገር ይዘን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንለፍ።

ሕንጻው ምን ይመስላል?

የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ሳር ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። ሥራው በ2001 ዓ.ም. ተጀምሮ ጥር 19 ቀን 2004 ዓ.ም. ተመረቀ። ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው 20 ፎቅ ያለው፣ ቁመቱ 99.9 ሜትር የሆነ የቢሮ ሕንጻ ነው። ሁለተኛው 2,500 ሰው የሚይዘው ትልቁ የስብሰባ አዳራሽ ሲሆን ጣራው እንደ እንቁላል የሞላለ ነው። ሦስተኛው አዳራሹን ከግራና ከቀኝ እንደ ክንድ ያቀፈው ዝቅ ያለ ሕንጻ ነው። የንድፉ ሐሳብ እጅ ለእጅ መያያዝንና የአፍሪካን መነሣት እንደሚያመለክት ይነገራል።

99.9 ሜትር ስንል ብዙዎቻችን ልኩን በዓይነ ኅሊናችን ማየት ይቸግረናል። በእኛው መለኪያ እንለካው። ቤተ ጊዮርጊስ የተፈለፈለበት ጉድጓድ ጥልቀቱ 12 ሜትር ያህል ነው። የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ ቁመት ከዚያ ጥልቀት ስምንት እጥፍ በላይ ነው። ሲመረቅ ከአዲስ አበባ ሕንጻዎች ሁሉ ረጅሙ ነበር። በኋላ ግን በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር በመድረስ በእጥፍ በልጦታል።

አዳራሹ ለምን ሞላላ ሆነ?

የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን ተሠራ?» ነበር። አዳራሹ የተሠራው ለመነጋገር ነው። 55 አባል አገሮች አሉ፤ ሁሉም ተናጋሪውን ማየትና መስማት ይፈልጋሉ። ቦታው ረጅምና ጠባብ ቢሆን ኖሮ ከኋላ የተቀመጠው ከመድረኩ እጅግ ይርቅ ነበር። ክብ ወይም ሞላላ ሲሆን ግን መቀመጫው በመድረኩ ዙሪያ ይታጠፋል፤ የኋለኛውም ሰው ይቀርባል። ገበያ መሐል አዝማሪ ሲዘፍን ሰው ሳይታዘዝ ክብ ሠርቶ የሚቆመው ለዚሁ እኮ ነው።

ይሁን እንጂ ሞላላ ቤት የራሱ ችግር አለው። ድምፅ ከጎባጣ ግድግዳ ላይ ሲነጥር ይሰበሰባል። አንዱ ጋ እየጮኸ ሌላው ጋ ይጠፋል። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት አዳራሾች ግድግዳውና ኮርኒሱ ድምፅ በሚመጥ ወይም በሚበትን ነገር ይሸፈናል። ከውጭ የምናየው ቅርጽ አንድ ሥራ ሲሠራ ከውስጥ የማናየው ደግሞ ሌላ ሥራ ይሠራል።

ጣራው ያለ ምሰሶ እንዴት ቆመ?

ሁለተኛው ጥያቄ «በምን ተሠራ?» የሚል ነው። በሣር ጎጆ መሐል ምሰሶ ይቆማል። በስብሰባ አዳራሽ መሐል ግን ምሰሶ ቢቆም ዓይን ይጋርዳል። እንግዲህ ጣራውን ማን ይሸከመው?

ለዚህ እንቁላል ጥሩ አስተማሪ ነው። ጥሬ እንቁላል ወስደን ከጫፍና ከጫፉ በሁለት መዳፋችን ብንጫነው በቀላሉ አይሰበርም። በሣህን ጠርዝ ላይ ቀስ ብለን ብንመታው ግን ወዲያው ይሰነጠቃል። ቅርፊቱ ያው ስስ ቅርፊት ነው። ልዩነቱ ጭነቱ የመጣበት መንገድ ነው። ከጫፍ የመጣው ጭነት በጎባጣው ቅርፊት ላይ ተበትኖ ይወርዳል፤ በአንድ ነጥብ ላይ የመጣው ግን መበተኛ ጊዜ አያገኝም። ጎባጣ ጣራም ክብደቱን ከአናቱ ወደ ጠርዙ እያስተላለፈ በዙሪያው ላለው ግድግዳ ወይም ዓምድ ያስረክባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳንረሳ። ጎባጣ ጣራ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይገፋል። እግሩን ከፍቶ በሚያንሸራትት ወለል ላይ የቆመ ሰው ምን ይሆናል? እግሮቹ ወደ ውጭ ይሸሻሉ። የጣራውም ጠርዝ እንዲሁ ወደ ውጭ መሸሽ ይፈልጋል። መድኃኒቱን ጎጆ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የጣራው እንጨቶች እንዳይከፈቱ ዙሪያውን በማገር ይታሰራሉ። በዘመናዊ ጉልላትም የማገሩን ሥራ የሚሠራው በዙሪያው የሚታሰረው ብረት ወይም የብረትና የአርማታ ቀለበት ነው። ዕቃው ተለወጠ እንጂ ዘዴው አልተለወጠም።

ረጅም ፎቅ የሚቆመውም በሁለት ዕቃዎች መተባበር ነው። አርማታ ሲጫኑት ብርቱ ነው፤ ሲስቡት ግን ይሰነጠቃል። ብረት ደግሞ ሲስቡት ብርቱ ነው። በአርማታው ውስጥ ፌሮ የሚቀበረው አንዱ የሌላውን ጉድለት እንዲሞላ ነው። ነፋስ ረጅሙን ሕንጻ ከአንድ ወገን ሲገፋው አንዱ ጎን ይጫናል፣ ሌላው ጎን ይሳባል። አርማታው ያለ ብረት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለውን መሳብ አይችልም ነበር።

የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ረገድ የተለዩ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ከታች ወደ ላይ እየጨመሩ ሠሩ፤ እዚህ ግን ከላይ ወደ ታች እየቀነሱ ፈለፈሉ። ሌላው ቤት ከመሠረት ሲጀመር የእኛው ከጣራ ጀመረ። ውስጣቸው ቅስትና ዓምድ ይታያል፤ ነገር ግን ቅስቱም፣ ዓምዱም፣ ጣራውም አንድ አለት ስለሆኑ ድንጋይ ከድንጋይ የሚገጥምበት ቦታ የለም። ግንበኛ የተጣመመ ግድግዳ አፍርሶ ደግሞ ሊገነባ ይችላል። አለት የሚፈለፍል ሰው ግን አንዴ የቆረጠውን መልሶ አይለጥፍም። ስለዚህ አንድ መሮ ከመምታቱ በፊት ቤቱ በሙሉ፣ መስኮቱና መስቀሉ ሳይቀር፣ በልቡ ተሠርቶ ማለቅ ነበረበት። ዛሬ ንድፍ የምንለው ይህንኑ ነው።

ቁጥሩ ምን ይላል?

99.9 ሜትር የሚለው ቁመት የመጣው ከአንድ ቀን ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. በ32 አገሮች በአዲስ አበባ ተመሠረተ። በኋላም መሪዎቹ በሊቢያ ሲርት ከተማ ተሰብስበው ድርጅቱ ወደ ኅብረት እንዲለወጥ ወሰኑ። ቀኑ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በዘጠነኛው ወር፣ በዘጠነኛው ቀን፣ በ1999 ነበር። ሦስቱ ዘጠኞች በሕንጻው ቁመት ተጻፉ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ያው ቀን በእኛ አቈጣጠር ጳጉሜ 4 ቀን 1991 ዓ.ም. ነው። ሕንጻው የቆመው በኢትዮጵያ መሬት ላይ ነው፤ ቁጥሩ ግን በኢትዮጵያ አቈጣጠር አይነበብም። የቤተ ጊዮርጊስን ጣራ ያየ ሰው ግን መስቀሉን ለማወቅ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ሕንጻ ሁለት ዓይነት ቋንቋ አለው ማለት ነው፤ አንዱ በዓይን የሚነበብ፣ ሌላው ካልተነገረ የማይታወቅ። የመምህር ሥራ ሁለተኛውን መንገር ነው።

ቦታው ቀድሞ ምን ነበር?

ሳይነገር የማይታወቀው ደግሞ ቁጥሩ ብቻ አይደለም። መሬቱም ታሪክ አለው። ዛሬ ሕንጻው የቆመበት ቦታ የቀድሞው ማዕከላዊ እስር ቤት ነበር። ሕዝቡ ከርቸሌ ይለው የነበረው ነው፤ ቃሉም ከጣልያንኛ የመጣ ነው። በውስጡ የነበረው ክፉው ክፍል «ዓለም በቃኝ» ይባል ነበር። የገባ ሰው ዓለምን የሚሰናበትበት ቦታ ማለት ነው። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች ብዙ ኢትዮጵያውያንን ካጎሩባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ ስልሳ የሚሆኑ የቀድሞ ባለ ሥልጣኖችና ሌሎች ሰዎች ያለ ፍርድ የተረሸኑት በዚሁ ግቢ ነው። በደርግ ዘመን በዚያ የታሰረው፣ የወጣውና ያልወጣው፣ ብዙ ነው።

እስር ቤቱ ፈርሶ አፍሪካ የምትነጋገርበት አዳራሽ በቦታው መቆሙ መልካም ነው። ሰው አፉ ይዘጋበት በነበረ ግቢ ዛሬ ሰው ይናገርበታል። ነገር ግን ግድግዳው ከፈረሰ ትዝታውን የሚይዝ ምን ቀረ? የአፍሪካ ኅብረት በዚያው ቦታ የሰብአዊ መብት መታሰቢያ እንዲቆም ወስኗል። እስከዚያውም ቢሆን የሕንጻውን ፎቶግራፍ ለልጆች የሚያሳይ መምህር፣ ከመስታወቱ ሥር ምን እንደነበረ ካልነገራቸው ግማሹን ብቻ ነው ያስተማረው።

ማን ሠራው?

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ የከበደው ነው። ወጪው 200 ሚሊዮን የአሜሪካን ዶላር ሲሆን የከፈለው የቻይና መንግሥት ነው። ንድፉን ያወጣው በሻንጋይ የሚገኘው የቶንጂ ዩኒቨርሲቲ የንድፍ ተቋም ነው። ተቋራጩም የቻይና መንግሥት የግንባታ ድርጅት ነበር፤ ከዕቃውም ብዙው ከዚያው ከቻይና የመጣ ነው። በሥራው ላይ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ተሰልፈዋል። ሐሳቡና ስሌቱ ግን ከውጭ መጣ።

ስጦታን መቀበል ነውር አይደለም። ሆኖም የቤቱን ግድግዳ ሌላ ሰው ከሠራልህ በግድግዳው ውስጥ የተቀበረውን የሚያውቀው እሱ ነው። በጥር 2010 ዓ.ም. ለ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ ከሕንጻው የኮምፒዩተር መረጃ በሌሊት ወደ ሻንጋይ ይላክ ነበር ሲል ጻፈ። ቻይናም፣ የኅብረቱ ባለ ሥልጣኖችም ወሬውን አስተባብለዋል። እውነቱ ያም ሆነ ይህ፣ ጥያቄው ሊነሣ የቻለው ቤቱን የሠራው ሌላ ስለሆነ ነው።

የላስታን አለት የፈለፈሉት ሰዎች ዕቃቸው ከእግራቸው ሥር ነበር፤ ዕውቀታቸውም ከራሳቸው ጋር ነበር። ይህን የምንለው በአባቶች ሥራ ለመኩራት ብቻ ከሆነ ዋጋ የለውም። አንድ ጊዜ የተቻለ ነገር ዕውቀቱ ከተላለፈ እንደገና ይቻላል፤ ካልተላለፈ ግን ይቋረጣል። ዕውቀት የሚተላለፍበት ወይም የሚቋረጥበት ቦታ ደግሞ ክፍል ነው።

በክፍል ውስጥ ምን እናድርግ?

እጩ መምህራን ባልደረቦቼ፣ ይህን ትምህርት ለማስተማር ገንዘብ አያስፈልግም።

1ኛ. ገመድ ይዘን ልጆቹን ወደ ሜዳ እናውጣ። በአንድ ገመድ አራት ማዕዘንም ክብም ይሥሩ፤ በየትኛው ውስጥ ብዙ ልጅ እንደሚቆም ራሳቸው ይቁጠሩ። ሒሳብ ነው።

2ኛ. እንቁላሉን በመዳፍ እንዲጫኑት እናድርግ። ቢሰበርም አይክፋን፤ ለምን እንደተሰበረ እንጠይቃቸው። ሳይንስ ነው።

3ኛ. ስለ ራሳቸው ቤትና ስለ ትምህርት ቤታቸው ሦስቱን ጥያቄዎች ይጠይቁ። ለምን ተሠራ? በምን ተሠራ? ማን ሠራው? ቦታው ቀድሞ ምን እንደነበር አያቶቻቸውን ጠይቀው ይምጡ። ይህ ደግሞ ታሪክ ነው።

ከእነዚህ ልጆች መካከል አንዱ ወይም አንዷ ነገ መሐንዲስ ልትሆን ትችላለች። ያኔ አፍሪካ ሌላ ቤት ሲያስፈልጋት ንድፉ ከላስታ ተራሮች ሊወጣ ይችላል። ይህ ይሆን ዘንድ ግን ዛሬ ልጁ «መምህር፣ ለምን?» ሲል ከነምክንያቱ የሚመልስለት መምህር ማግኘት አለበት።