የአእምሮ ፈተና፦ መርጃ ወይስ መፈረጃ?

ሰው እህሉን በቁና፣ ጨርቁን በክንድ፣ ብረቱን በሚዛን ሲለካ ኖሯል። በእነዚህ መለኪያዎች ሲገለገል ግን አንድ ጥያቄ ከልቡ ጠፍቶ አያውቅም፤ ይኸውም «ቁናው የማን ነው? የጎደለስ ቢሆን?» የሚለው ነው። በገበያ ቦታ ይህን ጥያቄ የማያነሣ ገዥ የለም። ይሁን እንጂ የሚለካው እህል መሆኑ ቀርቶ የሰው ልጅ አእምሮ ሲሆን፣ መለኪያውም በሳይንስ ስም በቁጥር ተደግፎ ሲቀርብ፣ ብዙ ሰው ጥያቄውን ትቶ ውጤቱን ብቻ ይቀበላል። ልጅ «አይገባውም» ተብሎ ከጓደኞቹ ሲለይ፣ ሠራተኛ «ለዚህ ሥራ አይበቃም» ተብሎ ሲመለስ፣ ፍርዱ የተሰጠበትን ቁና ልይ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአእምሮ ፈተና ከየት እንደ መነጨ፣ በምን ዘዴ እንደሚሠራና በማን እጅ ምን እንደ ተደረገበት መመርመር ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲል ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ቁና

ሰውን ለሹመት በፈተና መምረጥ አዲስ ነገር አይደለም። በቻይና እስከ 1905 ድረስ፣ ከአንድ ሺህ ዓመታት ለሚበልጥ ዘመን፣ የመንግሥት ሹማምንትን ለመምረጥ የጽሑፍ ፈተና ሲሰጥ ኖሯል። ይሁንና ያ ፈተና የሚመዝነው ሰውየው ያጠናውን ነበር እንጂ የአእምሮውን ኃይል ራሱን ለመለካት የተወጠነ አልነበረም።

ወደዚህ ውጥን ከገቡት ቀደምት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጎልተን ነው። ጎልተን በ1869 ባሳተመው መጽሐፍ የታላላቅ ሰዎች ችሎታ በዘር የሚወረስ ነው ሲል ተከራከረ። ከታላላቅ ቤተሰብ የሚወለድ ልጅ ከችሎታው በፊት ሀብትን፣ ትምህርትንና ሥልጣንን እንደሚወርስ ግን ተገቢውን ክብደት አልሰጠውም። በ1884 ለንደን ውስጥ በተከፈተ ኤግዚቢሽን ላይ የመለኪያ ቤተ ሙከራ አቋቁሞ፣ ጎብኚዎችን ሦስት ሦስት ፔንስ እያስከፈለ የእጃቸውን ጉልበት፣ የዓይናቸውንና የጆሮአቸውን ንቃት፣ እንዲሁም ምላሽ የሚሰጡበትን ፍጥነት ለካ። አሜሪካዊው ጄምስ ካቴል ደግሞ በ1890 ይህን የመሳሰሉ መለኪያዎችን «የአእምሮ ፈተና» ብሎ ሰየማቸው። ነገር ግን በ1901 ክላርክ ዊስለር የተባለ ተመራማሪ ውጤቶቹን ከኮሌጅ ተማሪዎች የትምህርት ውጤት ጋር ሲያስተያይ፣ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ዝምድና አጣ። የመጀመሪያው ቁና ባዶ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ቢኔ ምን ፈለገ?

አዲሱ መንገድ የተከፈተው በፈረንሳይ ነው። በ1904 የአገሪቱ የትምህርት ሚኒስትር ከመደበኛው ትምህርት ጋር እኩል መራመድ ያቃታቸው ልጆች እንዴት እንደሚረዱ የሚያጠና ኮሚሲዮን አቋቋመ። የኮሚሲዮኑ አባል የነበረው የሥነ ልቡና ሊቅ አልፍሬድ ቢኔ፣ ከሐኪሙ ቴዎዶር ሲሞን ጋር በመሆን በ1905 ከቀላል ወደ ከባድ የተደረደሩ 30 ተግባሮችን አዘጋጀ። በሥዕል ውስጥ ያሉትን ነገሮች መጥራት፣ ቁጥሮችን ሰምቶ መድገም፣ ሁለት ክብደቶችን ማወዳደር፣ የታወቁ ቃላትን ትርጉም መናገር ከተግባሮቹ መካከል ናቸው። በ1908 ተግባሮቹን በዕድሜ ከፋፍሎ አሻሻላቸው፤ የስምንት ዓመት ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩትን የሚሠራ ልጅ «የአእምሮ ዕድሜው ስምንት ነው» ተባለ።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ ነጥብ አለ። ቢኔ መለኪያውን ያዘጋጀው እርዳታ የሚያስፈልገውን ልጅ ለይቶ ለመርዳት ነበር። የሚገኘው ቁጥር ከልጁ ጋር የተወለደና የማይለወጥ መጠን ነው የሚለውን አስተሳሰብ በ1909 ባሳተመው መጽሐፍ አጥብቆ ተቃውሟል፤ ትኩረትን፣ ማስታወስንና ማመዛዘንን በልምምድ ማዳበር እንደሚቻልም አስተምሯል። በሌላ አነጋገር፣ ለቢኔ የፈተናው ውጤት የሥራ መነሻ እንጂ የፍርድ መደምደሚያ አልነበረም። እርሱ ግን በ1911 ሞተ፤ መሣሪያው በሌሎች እጅ ገባ።

መሣሪያው ባሕር ሲሻገር

በ1912 ጀርመናዊው ዊልያም ሽተርን የአእምሮ ዕድሜ ለትክክለኛ ዕድሜ ተካፍሎ የሚገኘውን ድርሻ እንደ መለኪያ አቀረበ። በ1916 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ሉዊስ ተርማን የቢኔን ፈተና ለአሜሪካ አሻሽሎ ሲያወጣ ድርሻውን በ100 አበዛው፤ አይ ኪው የሚባለውም ቁጥር በዚህ መልክ ተስፋፋ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የአሥር ዓመት ልጅ የስምንት ዓመት ልጆችን ተግባር ብቻ ከሠራ 80 ያገኛል። በቢኔ ዘንድ «ይህን ልጅ እንዴት እንርዳው?» የሚል ጥያቄ የነበረው ነገር፣ በዚህ ቁጥር አማካይነት «ይህ ልጅ ምን ያህል ያወጣል?» ወደሚል ዋጋ ተለወጠ።

የዚህ ለውጥ ሰለባ ከሆኑት አንደኞቹ ድሆች ስደተኞች ነበሩ። ሄንሪ ጎዳርድ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ባለሙያ ወደ ኒውዮርክ ወደብ የሚደርሱ መንገደኞችን በኤሊስ ደሴት አስፈትኖ በ1917 ውጤቱን አሳተመ። በዚህም መሠረት ከተፈተኑት አይሁዳውያን መካከል ከመቶ 83፣ ከጣሊያኖቹ ከመቶ 79፣ ከሩሲያውያኑ ከመቶ 87 የሚሆኑት «ደካማ አእምሮ ያላቸው» ተባሉ። የተፈተኑት በጠቅላላው ከ200 የማይበልጡ ሰዎች ነበሩ። እነዚህም በመርከብ የታችኛው ክፍል ታጭቀው ውቅያኖስ ያቋረጡ፣ በማያውቁት አገር በአስተርጓሚ የሚጠየቁ፣ ብዙዎቹም እርሳስ ጨብጠው የማያውቁ ድሆች ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰው በዚያች ሰዓት መጠየቅ ድካሙንና ፍርሃቱን መለካት እንጂ አእምሮውን መለካት አይደለም።

በ1917 አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ሮበርት ያርክስ የሚመራው ቡድን ለሠራዊቱ ሁለት ፈተናዎች አዘጋጀ፤ አልፋ እንግሊዝኛ ማንበብ ለሚችሉ፣ ቤታ በሥዕል ለማይችሉት። አንድ ሚሊዮን ሰባት መቶ ሺህ የሚሆኑ ወታደሮች ተፈተኑ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ክሪስኮ የተባለው የንግድ ምልክት መድኃኒት ወይስ ምግብ ወይስ የጥርስ ሳሙና መሆኑን መለየት ነበር። በሥዕሉም ፈተና ከቴኒስ ሜዳ የጎደለው መረብ መሆኑን ማወቅ ያስፈልግ ነበር። ለመሆኑ ከጣሊያን መንደር በቅርቡ የመጣ የቀን ሠራተኛ ቴኒስን የት አይቶ ያውቃል? የፈተናው መዝገብ ራሱ ስደተኞች በአሜሪካ በኖሩ ቁጥር ውጤታቸው ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ይህም የሚለካው ነገር ከአገሩ ኑሮ ጋር መተዋወቅን ይጨምር እንደነበር የሚመሰክር ነው። ካርል ብሪገም ግን በ1923 ባወጣው መጽሐፍ የውጤቱን ልዩነት ለዘር ሰጠው። በ1924 የደቡብና የምሥራቅ አውሮፓ ስደተኞችን ቁጥር በእጅጉ የሚቀንስ ሕግ ሲወጣ፣ ይህን የመሰለው ጽሑፍ ለሕጉ ደጋፊዎች መከራከሪያ ሆኖ አገልግሏል። ብሪገም በ1930 ድምዳሜውን በአደባባይ ሻረ፤ የተዘጋው በር ግን በእርሱ መጸጸት አልተከፈተም።

ከዚህ የከፋም ነበር። በ1927 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ8 ድምፅ ለ1፣ የቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት ኬሪ ባክ የተባለችውን ድሃ ወጣት እንድታመክን ፈቀደ። ከማስረጃዎቹ አንዱ በፈተና የተገኘው «የዘጠኝ ዓመት የአእምሮ ዕድሜ» ነበር። ልጅዋ ቪቪያን ግን በኋላ ትምህርት ቤት ገብታ ከተመሰገኑ ተማሪዎች ተራ ስሟ ሰፍሯል። በሃያኛው ምዕተ ዓመት በዚያች አገር በእንዲህ ያሉ ሕጎች ከ60,000 በላይ ሰዎች መክነዋል።

ሚዛኑን መስበር መፍትሔ ነውን?

ከዚህ ሁሉ በኋላ «እንግዲያው ፈተና የሚባል ነገር ይጥፋ» የሚል ቢነሣ አይፈረድበትም። ይህም ቢሆን በታሪክ ተሞክሯል። በሶቪየት ኅብረት የነበረው ተሞክሮ ሁለቱንም ገጽታ ስለሚያሳይ ልንመለከተው ይገባል።

የሥነ ልቡና ሊቁ አሌክሳንደር ሉሪያ በ1931 እና በ1932 ወደ ማዕከላዊ እስያ ሄዶ ገበሬዎችን ጠየቀ። መዶሻ፣ መጋዝ፣ መጥረቢያና ግንድ የተሣሉበትን ካርድ አሳይቶ የማይመሳሰለውን እንዲያወጡ ሲጠይቃቸው፣ የተጠበቀው መልስ ግንዱ ነበር፤ ሌሎቹ መሣሪያዎች ናቸውና። ፊደል ያልቆጠሩት ገበሬዎች ግን ግንዱን ማውጣትን አልተቀበሉም፤ ግንድ ከሌለ መጋዙና መጥረቢያው ምን ይሠራሉ? ለአጭር ጊዜም ቢሆን የተማሩት ግን የተጠበቀውን መልስ በቀላሉ ሰጡ። እንግዲህ ፈተናው «ብልህነት» ብሎ የሚቆጥረው ነገር በከፊል ትምህርት ቤት የሚያስለምደው የአስተሳሰብ ልማድ ነው። የገበሬው መልስ ከሥራው የመነጨ እንጂ ማሰብ ከማቃት የመጣ አልነበረም።

የሉሪያ የሥራ ጓደኛ ሌቭ ቪጎትስኪ ደግሞ ጉዳዩን ከሥሩ ያዘው። የሁለት ልጆች የአእምሮ ዕድሜ በፈተና ስምንት ሆነ እንበል። በመምህር ጥቂት እርዳታ አንዱ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅን ተግባር፣ ሌላው የዘጠኝ ዓመቱን ብቻ ቢሠራ፣ ሁለቱ ልጆች እኩል ናቸውን? አይደሉም። መደበኛው ፈተና የሚያሳየው የትናንቱን አዝመራ ነው፤ በመብቀል ላይ ያለውን ቡቃያ አያሳይም።

ይሁንና በሐምሌ 1936 የሶቪየት ኅብረት ኮሚኒስት ፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ ፔዶሎጂ የተባለውን የልጆች ጥናት ዘርፍ ከነፈተናው በውሳኔ አገደ። ከምክንያቶቹ አንዱ እውነተኛ በደል ነበር፤ ብዙ የሠራተኛና የገበሬ ልጆች በፈተና ምክንያት «ኋላ ቀር» ተብለው ወደ ልዩ ትምህርት ቤት ይላኩ ነበርና። ውሳኔው ግን መድኃኒቱንም ከበሽታው ጋር ጣለው። በ1934 በ37 ዓመቱ የሞተው የቪጎትስኪ ሥራ እስከ 1956 ሳይታተም ቆየ፤ የሉሪያም የማዕከላዊ እስያ ጥናት በመጽሐፍ የወጣው በ1974 ነው። የተበላሸን ሚዛን በአዋጅ መስበር የጎደለውን እህል አይሞላም።

እያስተማሩ መለካት

በእስራኤል የሠራው የሮማኒያ ተወላጅ ሩቨን ፎየርሽታይን ከእልቂት የተረፉ ልጆችንና ከሰሜን አፍሪካ የመጡ ስደተኛ ልጆችን ሲመረምር፣ በተለመደው ፈተና ብዙዎቹ ዝቅተኛ ውጤት ሲያገኙ አየ። እርሱም አሠራሩን ለወጠ፤ መጀመሪያ ይፈትናል፣ ቀጥሎ የአሠራሩን ስልት ያስተምራል፣ ከዚያ እንደገና ይፈትናል፤ የሚመዝነውም ልጁ ከትምህርቱ ምን ያህል እንደ ተጠቀመ ነው።

ይህ ዘዴ የእኛንም ወገኖች ነክቷል። በ1984 እና 85፣ ቀጥሎም በ1991 ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የተጓዙ ቤተ እስራኤላውያን ወጣቶች በሥዕላዊ የማመዛዘን ፈተና መጀመሪያ ያገኙት ውጤት ዝቅተኛ ነበር። ስልቱን በአጭር ጊዜ ከተማሩ በኋላ ሲፈተኑ ግን ውጤታቸው ጉልህ በሆነ መጠን ከፍ አለ። በመጀመሪያው ቀን ቁጥር ቢፈረድ ኖሮ፣ የጎንደር ገበሬ ልጅ የተፈረደበት ያላየውን ባለማወቁ ይሆን ነበር።

ምን ብለን እንጠይቅ?

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ ፈተናን እንድንጠላ አያስተምረንም። በጥንቃቄ የተዘጋጀ ፈተና የአንጎል ጉዳትን ለመለየት፣ ማንበብ የሚከብደውን ልጅ በጊዜ ለመርዳት ይጠቅማል። ነገር ግን ማንኛውም ፈተና ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ይኖርበታል። አንደኛ፣ አንድ ሰው ዛሬና በሌላ ቀን ቢፈተን የሚያገኘው ውጤት ተቀራራቢ ነው? ሁለተኛ፣ የሚለካው እለካለሁ ያለውን ነው ወይስ ቋንቋን፣ ኑሮንና ትምህርትን? ሦስተኛ፣ የሚያነጻጽረው ከማን ጋር ነው? መለኪያው የተሞከረው የከተማ ሀብታም ልጆች ላይ ብቻ ከሆነ ለገጠር ልጅ የጎደለ ቁና ነው።

ከሦስቱ በላይ አራተኛ ጥያቄ አለ፤ እርሱን ለመጠየቅ የሥነ ልቡና ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ለተፈተነው ሰው ምን ይደረግለታል? እያንዳንዱ ወላጅ በትምህርት ቤት ስብሰባ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛም በቅጥርና በዕድገት ጊዜ ይህን መጠየቅ መብቱም ግዴታውም ነው። መልሱ ትምህርትና እርዳታ ከሆነ ፈተናው የቢኔ ነው፤ መልሱ በር መዝጋት ብቻ ከሆነ ግን በኤሊስ ደሴት የነበረው ጎዶሎ ቁና ነው።