የንግድ ባለቤቱ ትምህርት የት ላይ ይሠራል?

ዛሬ የሸገር ከተማ አካል በሆኑት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ላሉ ጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች የሂሳብ ምክር እሰጣለሁ። «የተማረ ይሻላል ወይስ ልምድ ያለው?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ።

መልሱን በምሳሌ ላሳያችሁ፤ ቡራዩ አንድ በር ሠሪ አለ። ላሜራውን አይቶ ብቻ ስንት በር እንደሚወጣው ያውቃል፤ ዓመታት ተቀጥሮ ሲሠራ ያገኘው እውቀት ነው። ዋጋ ሲያወጣ ግን የሚደምረው ላሜራና ቱቦላሬ ብቻ ነው። ኤሌክትሮድ፣ መብራት፣ ኪራይ፣ የራሱም ጉልበት ከሂሳቡ ውጭ ናቸው። የቤቱ አስቤዛም ከዚያው ከሥራው ገንዘብ ይወጣል። ሥራ ሞልቶለት ገንዘብ የሚያጥረው ለዚህ ነው። ትምህርት የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው፦ ደብተር ይዞ ገቢና ወጪን መጻፍ፣ ለራስም ደመወዝ መቁረጥ።

ደብተር ብቻውን ግን አይበቃም። ቶጎ፣ ሎሜ ውስጥ 1,500 የአነስተኛ ንግድ ባለቤቶችን ይዞ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። በራስ ተነሳሽነት መሥራትን፣ አዲስ ነገር መሞከርንና እንቅፋትን መቋቋምን ያስተማረው ሥልጠና ትርፍን በ30 በመቶ ገደማ አሳደገ። የተለመደው የንግድ ሥልጠና ያን ያህል ውጤት አላሳየም።

ሥልጠና የምታዘጋጁ ወገኖቼ፣ እባካችሁ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም፣ ማታ ወይም እሑድ አድርጉት። ሱቁን ዘግቶ መምጣት ለብዙዎች የዕለት እንጀራን መተው ነው።